የመንኮራኩሯ ግራ ጎን

መቼም ሰው ሠላሳውን ካለፈ በኋላ «መጫወቻ ተላከልኝ» ብሎ በአደባባይ መናገር ያሳፍራል። በተለይ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር የሚውል፣ ክራቫት የሚያስር፣ ደንበኞቹ «አቶ» ብለው የሚጠሩት የባንክ ሠራተኛ ከሆነ ኀፍረቱ ይበረታል። ይሁንና ውድ አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ የምሸሽገው የለኝምና ልናዘዝ። ባለፈው ወር ከዋሽንግተን በመጣ መንገደኛ እጅ አንድ ካርቶን ደረሰኝ። በውስጡ የነበረው ጫማ አይደለም፤ ሽቶም፣ የእናቴ መድኃኒትም አይደለም። መንኮራኩር ነው።

ላኪው ታላቅ ወንድሜ ነው። ከአገር ከወጣ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ልጆች ሳለን ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በተከራየ፣ ምስሉ በሚንቀጠቀጥ አሮጌ ካሴት «ስታር ትሬክ»ን አይተን ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግቢያችን ጠፈር ሆነ። ከሳርዲን ቆርቆሮ፣ ካለቀ የእስክሪብቶ ቀፎና ከሽቦ የራሳችንን መንኮራኩር ሠራን። እርሱ አዛዥ ነበር፤ እኔ ሁሌም ታዛዥ። በካርቶኑ ውስጥ በብጣሽ ወረቀት ላይ የጻፈልኝ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ያቺን የቆርቆሮዋን ታስታውሳታለህ?»

ካርቶኑን የከፈትኩት ቅዳሜ ከሥራ መልስ ነው። ሙሉ መንኮራኩር የጠበቀ ሰው ያዝናል። ያገኘሁት ነጣ ባለ ግራጫ የፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ፍሬ የተንጠለጠሉ ቁርጥራጮች፣ አንድ የሥዕል መመሪያ፣ አንድ ማቆሚያ፣ እንዲሁም በውኃ ተነክረው የሚለጠፉ ጥቃቅን ፊደላትና ቁጥሮች የያዘ ወረቀት ነበር። ማስቲሽ ሳያስፈልገው እርስ በርሱ የሚጋጠም ዓይነት ነው። መጠኑ አንድ ሺኛ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ መንኮራኩሯ 289 ሜትር ትረዝማለችና የእኔዋ 29 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች ማለት ነው። እናቴ ክቡን የላይኛውን ክፍል አንስታ ገለባበጠችና «ይሄ ደግሞ የምን አክንባሎ ነው? ምጣዱስ የታለ?» አለች። ስሟን ስነግራት ደግሞ ይበልጥ ግራ ተጋባች። ኢንተርፕራይዝ። እውነቷን ነው፤ በእኛ አገር ኢንተርፕራይዝ ማለት ብሎኬት የሚያመርት፣ እኔም በየሳምንቱ የሒሳብ ደብተር የምከፍትለት ማኅበር እንጂ በከዋክብት መካከል የሚቀዝፍ ነገር አይደለም።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር በእጄ ሲገባ ታሪኩን ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት ቁርጥራጮቹን እየገጣጠምኩ፣ በዚያውም ስለ እናት መንኮራኩሯ እያነበብኩ ከረምኩ። የዚህች ጽሑፍ መነሻም ይኸው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ጂን ሮደንበሪ የተባለ ደራሲ ለቴሌቪዥን አንድ የጠፈር ተከታታይ ድራማ አሰበ። ሰውዬው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓስፊክ ግንባር ቢ-17 የተባለውን ቦምብ ጣይ ያበረረ፣ በኋላም በሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሆኖ ያገለገለ ነበር። መንኮራኩሯን እንዲነድፍ የተመረጠው ማት ጄፍሪስም እንደ እርሱ የዚያ ጦርነት ዘማችና አብራሪ ነበር። ሮደንበሪ ለነዳፊው የነገረው ከሚፈልገው ይልቅ የማይፈልገውን ነው፤ ክንፍ አይኑራት፣ ሮኬት አይምሰል፣ ከኋላዋ እሳትና ጭስ አይውጣ። በዚያ ዘመን ይህ ከባድ ትእዛዝ ነው፤ የጠፈር መንኮራኩር ብዙውን ጊዜ በሥዕልም በፊልምም የሚታየው እንደ ሹል ጥይት እሳት እየተፋ ነበርና።

ጄፍሪስ ግን እንደ አብራሪ አሰበ። ይህን ያህል ኃይል ያለው ሞተር ለሰው አደገኛ ነውና ሰዎቹ ካሉበት ይራቅ ብሎ ሁለቱን ሞተሮች በረጃጅም ቅልጥሞች ላይ አርቆ ሰቀላቸው። መካኒክ በጠፈር ላይ ከውጭ ሆኖ ብሎን ሲፈታ መዋል የለበትም፤ ጥገናው ከውስጥ ይሁን ብሎ የውጭ ገጽታዋን ልሙጥ አደረገው። ቁጥሯ ሳይቀር ምክንያት አለው። «ኤን» የአሜሪካ አውሮፕላኖች መለያ ፊደል ነው፤ «ሲ»ም ከቀድሞው የአውሮፕላን ምዝገባ የተወሰደች ናት፤ አንዲት «ሲ» ራሱ ጨመረባት። 1701ን የመረጠው ደግሞ 3፣ 6፣ 8 እና 9 ከሩቅ ሲታዩ እርስ በርስ ስለሚምታቱ ነው። እኔ በሥራዬ 3ትን ከ8 መለየት ያቃታቸው ደካማ ዓይኖች ስንት ጣጣ እንደሚያመጡ የማውቅ ሰው ነኝና ይህን ሳነብ ጄፍሪስን በልቤ አመሰገንኩት።

ከዚያ ወረቀቱ ወደ እንጨት ተለወጠ። ሪቻርድ ዴቲን የተባለ የሞዴል ሠሪ በመጀመሪያ 84 ሴንቲ ሜትር ያህል የምትረዝም ትንሿን ሠራ። ቀጥሎም በካሊፎርኒያ በርባንክ ከተማ በሚገኝ የሞዴል ወርክሾፕ ትልቋ ተሠራች። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ40፣ ክብደቷ 90 ኪሎ ግራም ገደማ። የተሠራችው ፖፕላር ከተባለ ዛፍ እንጨት፣ ከፕላስቲክና ከብረት ቱቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ አለቀች። በኋላ መብራት ገባላት። በሞተሮቹ ጫፍ ላይ የሚሽከረከረው ያ አስደናቂ ብርሃን ከምን የመጣ ይመስላችኋል? ከገና ዛፍ አምፖሎች፣ ከመስታወት ስብርባሪና ከትንሽ ሞተር ነው። የቆርቆሮ መንኮራኩር ሠሪ የነበርን ሁለት ወንድማማቾች ይህን ብናውቅ ኖሮ ምን ያህል በኮራን!

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። መብራት ሽቦ ይፈልጋል፤ ሽቦ ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። ሽቦዎቹ በሙሉ በግራ ጎኗ ወጡ። በዚህም ምክንያት የግራ ጎኗ እንደ ቀኙ አልተጌጠም። ካሜራው ሁልጊዜ ከቀኝ ጎኗ ቆሞ ያነሳት ነበር። ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ስትበር መታየት ሲኖርባት ፊደላቱንና ቁጥሮቹን በመስታወት እንደሚታይ ገልብጠው ይለጥፉና በዚያው በቀኝ ጎኗ ቀርጸው ፊልሙን ያገላብጡታል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 8 ቀን 1966 እስከ ሰኔ 3 ቀን 1969 በተላለፉት 79 ክፍሎች ሕዝቡ መንኮራኩሯ ስትመጣም ስትሄድም ያየ መሰለው፤ ያየው ግን አንድ ጎኗን ብቻ ነው።

ይህን ያነበብኩት የግራውን ሞተር በምገጥምበት ሌሊት ነበር። እኛ በሒሳብ መዝገብ ላይ ግራና ቀኝ አለን፤ በግራ ዴቢት፣ በቀኝ ክሬዲት። አንዱን ብቻ አሳይቶ ሚዛን ደረሰ የሚል ሠራተኛ ከሥራው ይባረራል። ኢንተርፕራይዝ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ክሬዲቷን ብቻ እያሳየች አሜሪካንን አሳመነች። እኔም ፈገግ ብዬ አለፍኩ። ነገሩ ወደ ቤቴ እንደሚመጣ ገና አላወቅሁም።

ስለ መጫወቻዋም ጥቂት ልበል፤ የእኔዋ ቅድመ አያት ናትና። ኤኤምቲ የተባለው፣ በመኪና ሞዴሎች የታወቀው የአሜሪካ ድርጅት የመጀመሪያዋን ተገጣጣሚ ኢንተርፕራይዝ ያወጣው ተከታታዩ በጀመረበት ዘመን ነው። ውሉ ብልህ ነበር። ድራማው ትንሽ ማመላለሻ መንኮራኩር ያስፈልገው ነበር፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። ኤኤምቲ በሞዴሎቹ የመሸጥ መብት ፈንታ የማመላለሻዋን ትልቅ ቅርጽ በራሱ ወጪ አሠራ። እ.ኤ.አ. በ1967 በተላለፈ አንድ ክፍል ደግሞ የተጎዳች እኅት መንኮራኩር ማሳየት አስፈለገ። ሁለተኛ ትልቅ ሞዴል ማሠራት የማይታሰብ ነበርና የፊልም ሰዎቹ የሱቋን ኤኤምቲ ገጣጠሙ፤ ከ1701 ቁጥሮች ቦታ አለዋውጠው 1017 አደረጓት፤ ከዚያም አካሏን ለበለቡት። እነሆ ልጆች በየሳሎናቸው የሚገጣጥሟት መጫወቻ ተመልሳ ቴሌቪዥን ገባች።

እኔም እነዚያን ቁጥሮች የምለጥፍበት ሌሊት ደረሰ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ቁጥሩን ቆርጦ ለብ ባለ ውኃ መንከር፣ ከወረቀቱ ሲላቀቅ በብሩሽ ገፋ አድርጎ በቦታው ማሳረፍ። ግን ያ ስስ ነገር በጣት ላይ ይጠቀለላል፤ ከተጠቀለለ ደግሞ አይፈታም። ትንፋሼን ይዤ ሳሳርፈው ሰባቷ ጠመም አለች። ላስተካክል ስል ጭራሽ ልትቀደድ ሆነ። ተውኳት። ዛሬም መንኮራኩሬ በጠማማ 7 ትቀዝፋለች። ጠማማዋ የወደቀችው በግራ በኩል ስለነበር መደርደሪያው ላይ ሳቆማት ግራዋን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ቀኟን ያየ ሁሉ አደነቀ።

ትልቋስ ምን ሆነች? ተከታታዩ በተመልካች ማነስ ሲቋረጥ መጋዘን ገባች። እ.ኤ.አ. በ1974፣ በእኛ ዘንድ አብዮት በፈነዳበት ዓመት፣ ፓራማውንት ለስሚዝሶኒያን ተቋም አበረከታት። የደረሰችው ተበታትና ነው፤ ከፊቷ ያለው ሳሕንን የመሰለ ክፍሏ ጠፍቶ ነበር። ጠግነው ሰቀሏት። በ1984 እንደገና ተጠገነች፤ በ1991 ሌላ ጥገና ተደረገላት፤ በቀለሟም ምክንያት ብዙ ክርክር ተነሳ። በመካከሉ ስሟ ከልቦለድ ወጥቶ እውነተኛ ብረት ላይ ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1976 አድናቂዎች ለዋይት ሐውስ ባጎረፉት ደብዳቤ ምክንያት የመጀመሪያዋ የናሳ ማመላለሻ መንኮራኩር «ኢንተርፕራይዝ» ተባለች። ያቺኛዋም ዕድሏ ሆኖ ለሙከራ ብቻ በከባቢ አየር በረረች እንጂ ጠፈርን አላየችም።

የእንጨቷ ኢንተርፕራይዝ ለብዙ ዓመታት በብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ውስጥ የኖረችው የት መሰላችሁ? በመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው ምድር ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከዚያ አወጧትና ወደ ቨርጂኒያው የጥገና ማዕከል ወሰዷት። በራጅ መረመሯት። በላይኛው የክቡ ገጽ ላይ የ1960ዎቹ ቀለም እንዳለ ተገኘና እርሱን ሳይነኩ ሌላውን ከእርሱ ጋር አዛመዱ። ሙዚየሙ ለሕዝቡ ጥሪ አቀረበ፤ ከ1976 በፊት ያነሳችኋት ፎቶ ያላችሁ እባካችሁ አሳዩን አለ። በልጅነታቸው ካሜራ ይዘው ያነሷት ሰዎች፣ አሁን ሽበት አብቅለው፣ ከአልበማቸው እያወጡ ላኩ። በ2016፣ በሃምሳኛ ዓመቷ፣ ሊንድበርግ አትላንቲክን ያቋረጠባት አውሮፕላን በሚገኝበት በታላቁ አዳራሽ ቆመች።

ትንሿም ታሪክ አላት። በሮደንበሪ ቢሮ ትቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ለፊልም ሥራ ተብላ በውሰት ወጣችና ሳትመለስ ቀረች። ከአርባ ዓመት በላይ ደብዛዋ ጠፋ። በ2023 በኢቤይ ለሽያጭ ቀርባ ታየች፤ በ2024 ሚያዝያ ወደ ሮደንበሪ ልጅ እጅ መመለሷ ተነገረ። አባትየው ግን እ.ኤ.አ. በ1991 አልፏል።

ይህን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ ለወንድሜ ደወልኩለት። በእርሱ ዘንድ ከሌሊት ሥራ የሚመለስበት ሰዓት ነበር።

«ጋሼ፣ ገጠምኳት» አልኩት። «ቆንጆ ሆናለች። ግን ታሪኳን ታውቀዋለህ? በግራ ጎኗ እኮ...»

«ሽቦ ነው» አለኝ። «አይቻታለሁ። በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በዕረፍት ቀኔ፣ መግቢያው በነጻ ስለሆነ ሙዚየሙ ገብቼ ነበር። ሰው ሁሉ በቀኝ በኩል ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እኔ ዞሬ በግራዋ በኩል ብዙ ቆምኩ።»

«ለምን?»

ዝም አለ። ከዚያ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማኝና እንዲህ አለኝ፤ «እኔም የምልክላችሁ ፎቶ ሁሉ ከቀኝ ጎን ነዋ።»

ውድ አንባቢዎቼ፣ እኔ ወንድሜ የሚልከውን ገንዘብ በየወሩ በራሴ መስኮት የምቀበል ሰው ነኝ። ስንት እንደላከ፣ በስንት ምንዛሪ እንደተመነዘረ፣ በየትኛው ቀን እንደገባ ከቃሌ እነግራችኋለሁ። በዚያች ሌሊት የሰማሁትን ግን በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አላየሁትም። በፎቶዎቹ ላይ ከኋላው የሚታየው ቤት የቀጣሪው ነበር። እርሱ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሌላ ሰው ጋር ተዳብሎ በአንድ ምድር ቤት ኖሯል። አንድ ክረምት ታሞ ሦስት ወር ሥራ ሲፈታ የላከልን ገንዘብ የብድር ነበር። ያንን ክረምት አስታወስኩ። «የእማዬ ቤት ጣሪያ እያፈሰሰ ነውና በዚህ ወር ጨምርልን» ብዬ የጻፍኩለት ያኔ ነው። ጨምሮ ላከ። እኔም ቆጥሬ ተቀበልኩ።

«ለምን አልነገርከንም?» አልኩት። ደካማ ጥያቄ መሆኑን እያወቅሁ።

«ብነግራችሁ ትበሩ ነበር?» አለና ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደግሞ የቀኙም እኮ ውሸት አይደለም» አለኝ።

ይህችን የመጨረሻዋን ቃሉን ስመላለስባት ከረምኩ። እውነቱን ነው። የመንኮራኩሯ ቀኝ ጎን ሐሰት አልነበረም። ያ ብርሃን በእርግጥ በርቷል፤ ያንን ብርሃን አይተው ያደጉ ልጆች በእርግጥ መሐንዲስና ጠፈርተኛ ሆነዋል። የእናቴም ጣሪያ ዛሬ አያፈስም። ስሕተቱ ከቀኙ አይደለም፤ በግራ በኩል ዞሮ ለማየት ካልተነሳው ተመልካች እንጂ። ሙዚየሙ እንኳ ሃምሳ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ዞሯል፤ በራጅ አይቷል፤ የሚያውቋት ሁሉ የያዙትን እንዲያመጡ ጠይቋል። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም። ወንድሜ ሞዴሏን የላከልኝ ለጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ አሁን ይገባኛል። በቃል ያቃተውን በካርቶን አሽጎ ነው የላከው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወደ መደርደሪያው ሄጄ ማቆሚያዋን አዞርኩት። አሁን የምትታየው ጠማማዋ 7 ወደ እኛ ዞራ ነው። እናቴ ጠዋት ቡና ስታፈላ አየቻትና «ያ ቁጥር ጠሞብሃል እኮ» አለችኝ። «አዎ እማዬ፣ ጠሟል» አልኳት። ከዚያም አጠገቧ ተቀምጬ ስለ ወንድሜ ነገርኳት። ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ድረስ አልተናገረችም። ስኒዎቹን እየሰበሰበች ግን፣ «ዛሬ ደውልልኝ። ብር እንዳይልክ ንገረው። ምን በልቶ እንደዋለ ብቻ ይንገረኝ» አለች።

ለእርሱ የጻፍኩትን እዚህ ላኑረው።

ቀኝህን ስትልክ በፎቶ አሳምረህ፣
ግራህን ለብቻህ በሌሊት ሰውረህ፣
ቆጣሪ ነኝ ብዬ ብሩን ስደምረው፣
ዕድሜህ ነው ለካስ ከግራ የቀረው።
ዙርልኝ ጋሼዬ፣ ሽቦህም ይታየኝ፣
የመብራትህ ምንጩ እኔንም ይግባኝ።

ቸር ይግጠመን።